ተዳፋት የሌለው አገር

እናቴን ቤቷ እንዳትገባ የከለከልናት እኛው የወለደችን ነን። ካቻምና ክረምት ልቧ ደክሞ እግሯ ሲያብጥ፣ የመንደሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እየተቀባበሉ አስፋልት ድረስ አወጧት። ሐኪሙም ከሕክምና ርቃ እንዳትቀመጥ አስጠነቀቀን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወረታ እኔ ቤት ተቀመጠች። እኔ የሩዝ ነጋዴ ነኝ፤ ቤቴ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ከተሰለፉበት ሰፈር ስለሆነ የገለባው ብናኝ ቀኑን ሙሉ በበር በመስኮት ይገባል። እሷ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣ ነጠላዋን እያራገፈች፣ «ይኸ ከተማ እህሉን ትቶ ሰው ያበጥራል» ትላለች።

ቤቷ ሩቅ ሁኖ አይደለም። በበጋ ባጃጅ እደጇ ድረስ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ግን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ መንደሩ ደሴት ይሆናል፤ ጥቁሩ አፈር እንኳን ጫማ የበሬ እግር ይዞ አይለቅም። በበጋ ገብታ በክረምት ቢብስባትስ? ወንድሜና እኅቴ ከሩቅ በስልክ፣ እኔ ፊት ለፊት፣ ሦስታችንም አንድ ቃል ሁነን «መንገዱ ሲሠራ ትገቢያለሽ» አልናት። አባቴ የተቀበረው እዚያው ደብር ነው። እሷም ከጎኑ ያለውን ቦታ በዓይኗ ለክታ ከጨረሰች ቆይታለች። ከእኛ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቷ ገብታ እዚያው እንድትሞትና ከባሏ ጎን እንድትቀበር።

«እሽ» አለች። «መንገድ ካላችሁ መንገድ ይሁን።»

እኔም ከአፌ አምልጦኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ አስገባሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። እሷ ቃል አትረሳም።

መንገዱን የሚጠርግ ማሽን በኪራይ ብንፈልግ አጣን። ያለው ሁሉ ሌላ ሥራ ላይ ነው፣ ይመጣል የተባለው አይመጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። በመጨረሻ ወረታ የምንኖር የዚያ መንደር ተወላጆች ተሰብስበን ስንነጋገር አንዱ እየሳቀ «ለምን አሮጌ ግሬደር አንገዛም?» አለ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም። መዋጮ ተዋጣ። ለግዢው የተመረጥነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ ዋጋ እከራከራለሁ ተብሎ፣ የደብራችን ቄስ ደግሞ በእሳቸው ፊት ማንም አይዋሽም ተብሎ። ስለ ማሽን የሚያውቅ ሰው መኖር እንዳለበት ያሰበ አልነበረም።

ግሬደሩን ያገኘነው ወደ ደብረ ታቦር በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከአንድ ተቋራጭ ግቢ ነው። ሩዝ ቢሆን ሁለት ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ በስንት ፀሐይ እንደደረቀ እናገራለሁ። እዚያ ግን የማደርገው ጠፋኝ። ሌሎች ሲያደርጉ እንዳየሁት ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ቄሱ አንድ ጊዜ ዞሩትና አፈር የሚገፋውን ትልቁን ቢላዋ በመስቀላቸው ነኩት። ቀለሙ ድሮ ቢጫ ነበር። መቀመጫው ተቀዶ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤ መስታወት የሚባል የለውም። ግቢው ተዳፋት ነው፤ ማሽኑ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ቆሟል፤ ከጎማዎቹ ፊት ትልልቅ ድንጋይ ተቀርቅሯል።

«ይነሣል?» አልሁ።

ሻጩ ቅር አለው። «በዓይናችሁ እዩ እንጅ!» አለና ኦፕሬተሩን ጠራ። ድንጋዮቹን አነሡ። ማሽኑ ትንሽ ቁልቁል ተንከባለለ፣ አንዴ ነጠር አለና ጥቁር ጭስ ተፍቶ አጓራ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቄሱ አማተቡ። እኔ ደስታዬን አይቶ ዋጋ እንዳይጨምር ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ።

ደገኛ ቢሆን ኖሮ «ለምን ተንከባለለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ የሜዳ ሰዎች ነን። ተዳፋት የሌላ አገር ጠባይ ይመስለናል፤ እዚያ ላይ ድንጋይም ውሃም ሰውም ቢንከባለል አይደንቀንም። ድንጋዩ ለምን እንደተቀረቀረ፣ አፍንጫው ለምን ቁልቁል እንደተደረገ ሁለታችንም አልጠየቅንም። ደግሞስ ብንጠይቅ ኖሮ የተሻለ የምንገዛበት አቅም ነበረን? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ኦፕሬተሩንም አብሮን እንዲመጣ በደመወዝ ተስማማነውና ተጨባበጥን።

ማምጣቱ ራሱን የቻለ መከራ ነበር። ማሽን የሚጭነው ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ሎቤድ የሚሉት፣ ባዶውን ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ አግኝተን በርካሽ ተዋዋልነው። ከዚያ ዳገት ስንወርድ ቄሱና እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠናል። ብዙም ሳንሄድ ፍሬኑ ሸተተ። ሹፌሩ በየኩርባው ይቆማል፣ ወርዶ ጎማው ላይ ውሃ ይደፋል፣ ግሬደሩ የታሰረበትን ሰንሰለት ይነካካል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ አንዲት ቃል አይናገርም። ዝም ያለ ሹፌር እንዴት ያስፈራል! ቄሱ ውዳሴ ማርያም በልባቸው ይደግማሉ።

«አባ፣ ጮክ ብለው ይድገሙት፤ ለእኔም ይድረሰኝ» አልኋቸው።

«ዝም በል፣ አንተ ሰውየውን አታስደንግጠው» አሉኝ።

ዓለም በር ከተማ ስንደርስ በጎን የወጣው ቢላዋ የአንድ ሱቅ የላስቲክ ጥላ ነጥቆ ይዞ ሄደ። ባለሱቁ «ኧረ በሕግ!» እያለ እየሮጠ ተከተለን። ቄሱ ወርደው መስቀላቸውን ባያሳልሙት ኖሮ የዚያን ቀን ማሽኑን ሳይሆን እኛን ነበር የሚያወርዱን። ወረታን አልፈን ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ሄደን የመንደራችን መታጠፊያ ጋ ደረስን። ሹፌሩ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ጥቁር አፈር ላይ አልወርድም አለ። ስለዚህ ግሬደሩ እዚያው ይውረድ ተባለ።

ሕዝቡ ወጥቶ ይጠብቀን ነበር። እናቴንም በባጃጅ አስመጥቻት ነበር። ኦፕሬተሩ ማሽኑን በመውረጃው ብረት ላይ ቁልቁል ለቀቀው፤ ተንከባለለ፤ አጓራ። እልልታው ቀለጠ። አስተውሉ፤ አሁንም ተንከባልሎ ነው የተነሣው፤ አሁንም ያስተዋለ ሰው የለም። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቀስ እያለች ተጠጋችና ጎማውን እንደ ላም ጎን ዳበሰችው።

«ይኸስ ያስገባኛል» አለች።

እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። በሕይወቴ ለእናቴ ትልቅ ነገር የሠራሁት ያኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ኦፕሬተሩ ዝቅ ያለውን መንገድ ከጎንና ከጎን አፈር እየሰበሰበ ወደ መሐል ከፍ ያደርግ ጀመር። ለምሳ ሲወርድ ሞተሩን አላጠፋም።

«አጥፋው እንጅ፣ ናፍጣ ይበላብናል» አልሁት።

ዙሪያውን ቀስ ብሎ አየ። «የት ላይ?»

«እዚሁ ነዋ።»

«ከዚያስ በምን ይነሣል?»

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ነገሩን ያስረዳኝ እንጀራውን እየጠቀለለ ነው። ሞተሩን የሚያዞረው የጥርስ ጎማ ጥርሱ አልቋል፤ ቁልፍ ብታዞርለት አይዝም፤ የሚነሣው ቁልቁል ሲንከባለል ብቻ ነው። «እናንተ አገር ጉብታ የለም እንዴ?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ከቆምንበት እስከ ጣና ድረስ ከላም ከፍ ያለ መሬት አልነበረም። ለሻጩ ደወልሁ። «ሲነሣ በዓይናችሁ አላያችሁም?» አለኝ። አይተናል። ምን ልበለው?

ስለዚህ አናጠፋውም አልን። ቀንም ሌሊትም ይንኳኳል። እኔ ወረታ ማደያ ተሰልፌ ናፍጣ በጀሪካን እልካለሁ። አንድ ሚሊሻ ገበሬ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዘመን ክርስትና የተነሣ፣ ጠባቂ ሆነለት። ኦፕሬተሩ ለክፉ ቀን ብሎ ማጥፊያውን አሳየው፤ ውሃው ከፈላ ይኸን ሳብ አለው። ሥራው እንደሆነ ተቀላጥፏል። እናቴ በየቀኑ «የት ደረሰ?» ትለኛለች። እዚያ ግራር ጋ፣ እዚያ ቦይ ጋ ስላት ዓይኗን ጨፍና ቦታውን ታየዋለች። ቤቷን እንዲመርጉላት ሰው ላከች። ለጎረቤቶቿም «ግንቦት ሳያልቅ መጥቻለሁ» አለቻቸው።

ማሽኑ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርስ የወሩ ሚካኤል ዋለ። በበዓል አፈር አይነካምና ሥራ የለም፤ ኦፕሬተሩም ቅዳሴ ገብቷል። ሞተሩ ግን ከቅጥሩ ውጭ ይንኳኳል። እኔም ከወረታ ሄጄ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ወንጌል ሲነበብ የቄሱ ድምፅ ከሞተሩ ጋር ትግል ገጠመ። ከፊቴ ያሉ አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ያን ጸጥታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከዛፉ ላይ ወፍ ሲንጫጫ ተሰማ። የቄሱ ቃል ጥርት ብሎ ወጣ። ቅጥሩ ሙሉ ሰው በአንድነት እፎይ አለ፤ እኔም እፎይ አልሁ፤ ተመስገን አልሁ። ወዲያው ዘወር ብዬ ኦፕሬተሩን ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ያኔ ገባኝ። ግን ወንጌል እየተነበበ ነውና ከሁለታችን አንዳችንም ንቅንቅ ማለት አልቻልንም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆመን፣ እንደ ሰው ሁሉ እየሰገድን፣ ዝምታውን አዳመጥነው።

ጠባቂው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ በር ላይ ቆሟል። ደስ ብሎታል።

«ቅዳሴውን ረበሸብን» አለኝ። «ለሚካኤል ብዬ አጠፋሁት። ይኸን ያህል ሰው ለበዓል ወጥቶ የለ? ገፍተን እናስነሣዋለን።»

እውነትም ሰዉ ነጠላውን አደግድጎ ገፋ። ሽማግሌው ሳይቀር ገፋ። ማሽኑ በሬ ተኝቶ ሲገፉት እንደሚያደርገው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ተወን። ኦፕሬተሩ ተናዶ ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ቄሱ ደረሱ። «ለሚካኤል ተብሎ የተደረገ ነገር ይወቀሳል?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። የሚቆጡት ሰው ማጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያኔ አወቅሁ። ጠባቂው ተንኮለኛ ቢሆን፣ ሰካራም ቢሆን በወደድሁ። እሱ ግን ነገሩ ሲገባው አጥሩ ሥር ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

መካኒክ ከባሕር ዳር አመጣን። ነካክቶ ነካክቶ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ካልገባ አይሆንም አለ። ጋራዥ የሚወስደው ሎቤድ ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ አይወርድም፤ የሠራነውም ቁልል ገና ያልጠነከረ ጥቁር አፈር ነው። ማሽኑ ወደ መንገድ ለመውጣት መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ መንገዱን የሚሠራው ደግሞ እሱ ነው። ትራክተር ለመንን፤ በሰንሰለት ጎተተው፤ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶት ስለነበር ጎማዎቹ ሳይዞሩ እንደ ማረሻ አፈሩን እየገመሱ ተንሸራተቱ። ትራክተሩም ራሱ ሊቀር ሲል ባለቤቱ ፈትቶ ወሰደው።

የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣው ጠባቂው ነው። «መሬቱን ከፍ ማድረግ ካልቻልን ዝቅ እናድርገዋ» አለ። ከማሽኑ ፊት ቁልቁል የሚወርድ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ተንከባልሎ ይነሣና በወዲያኛው በኩል ይውጣ። ኦፕሬተሩ ከንፈሩን መጠጠ፤ የተሻለ ግን አላመጣም። ደቦ ተጠራ። የእኛ አገር ሰው ቦይ መቆፈር ያውቅበታል፤ ሩዝ የሚያበላን እሱ ነው። ዶማና አካፋ ይዞ እየዘፈነ ገባበት። ጠባቂው ምሳም አልበላ፣ ጠላም አልጠጣ፤ ሌላው ሲያርፍ እሱ ይቆፍራል። እኔም ኮቴን አውልቄ አፈር ዛቅሁ። ተዳፋት የሌለው አገር የራሱን ተዳፋት ሠራ።

ሲያልቅ ለእናቴ ደወልሁላት። «ስልኩን አትዝጊ፤ ሲነሣ ድምፁን ትሰሚዋለሽ» አልኋት።

ከጎማው ፊት የቀረቀርነው ድንጋይ ተነሣ። ሁላችንም ከኋላ ገፋን። ግሬደሩ አፍንጫውን ደፍቶ መውረድ ጀመረ፤ ኦፕሬተሩ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ አንዴ አሳለ፤ ደገመ፤ ጥቁር ጭስ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከታች ያለው አፈር ግን ለካ ገና እርጥብ ነው፤ ጎማዎቹ መዞራቸውን ተዉና ተንሸራተቱ። ማሽኑ ጉድጓዱ ወለል ላይ ቁጭ አለ። እልልታው እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«ተነሣ?» አለች እናቴ።

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ዝም አለ እኮ» አለች።

በዚያው ዕለት ዋናው የክረምት ዝናብ ጀመረ። እስኪነጋ ጉድጓዱ በውሃ ሞላ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ የሚባለውን እኔ በዶማና በአካፋ ሞከርሁት። ኦፕሬተሩ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ደጋው ተመለሰ። ርብ ሞላ፤ ውሃው የማሽኑን ጎማ ዋጠ፤ መቀመጫው ላይ ሳቢሳ የሚባሉት ነጫጭ የውሃ ወፎች ያርፉበት ጀመር። የተሠራው ግማሽ መንገድ ከውሃው ከፍ ብሎ ስለቀረ ከብቶቹ እሱ ላይ ይተኛሉ። ሰዎች በነገር ይወጉኛል፤ «የከብት አልጋ አንጥፈህ ሄድህ» ይሉኛል። እስቃለሁ። አንዳንዴ ግን እቆጣለሁ፤ በማን ላይ እንደምቆጣ አላውቅም።

እናቴ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ «ተነሣ?» ትለኛለች። አልተነሣም፣ ውሃው ሲጎድል እናየዋለን እላለሁ። እሽ ትላለች። የእግሯ እብጠት ተመለሰባት፤ ከአልጋ ወርዶ በር ድረስ መሄድ ያደክማት ጀመር። ሐኪሙ መድኃኒት ቀያየረላት። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ አሻታለሁ፤ ከዚህ በላይ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። በሐምሌ አጋማሽ ይመስለኛል መጠየቋን ተወች። እኔም ባትጠይቀኝ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«የዚህ ሰፈር እድር አዲስ ሰው ይቀበላል?» አለችኝ።

«ለማን?» አልሁ። ለማን እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

«ለኔ ነዋ። ያገሬ ሰው በዚህ ሁሉ ውሃ ሬሳ ተሸክሞ አይቸገር። አንዴ በቁሜ ተሸክሞኛል፤ ይበቃዋል።»

«እማዬ...» አልሁ። አባቴስ? ከጎኑ ያለው ቦታስ? ልላት ፈለግሁ፤ ግን ይህን ብላት መልሳ የምታጽናናኝ እሷ ልትሆን ነው። በገበያ ዋጋ ተከራክሬ የማልሸነፍ ሰው፣ እናቴን በዚህች አንዲት ነገር መከራከር አቃተኝ። አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም።

በማግስቱ ከእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድሁ። ሰውየው የእናቴን ስም ከተቀበለኝ በኋላ፣ «እናትህ ነዋሪነታቸው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እዚሁ ወረታ» አልሁት።